አልፎ አልፎ የሚከሰት የሞተር ጉልበት ማጣት

አልፎ አልፎ የሚከሰት የሞተር ጉልበት ማጣት በተለይ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚታይ ብልሽት ነው። ሞተሩ የሚያወጣው ኃይል በጉዞ ላይ በድንገት ወይም ቀስ በቀስ ይቀንስና ከጥቂት ደቂቃ ወይም ከሰዓታት በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁልጊዜ ከሚታይ ብልሽት የሚለየው በዚሁ መመላለሱ ነው፤ ዳገት ላይ አቅም ያጣ መኪና ጋራዥ ሲደርስ ደህና ሆኖ ይገኛል። በዚህ የተነሳ መንስኤው ሳይታወቅ ዕቃ መቀያየር፣ አንዳንዴም ያለ በቂ ምክንያት ሞተር ማውረድ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የሚገኘው ከሞተሩ ውጭ፣ በነዳጅ ቱቦ፣ በሰርባቶዮ ክዳን፣ በፊልትሮ ወይም በሽቦ ማያያዣ ላይ ነው።

ብልሽቱ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በስፋት የሚታይበት አንዱ ምክንያት የተሽከርካሪዎቹ ዕድሜ ነው። ቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች፣ አይሱዙ የጭነት መኪኖች፣ በአገር ውስጥ አካል የተሠራላቸው «ቅጥቅጥ» የሚባሉ አውቶቡሶች፣ ሃይሉክስ ፒክአፖች፣ ኮሮላ «ዲኤክስ» እና ላዳ የቤት መኪኖች ለአሥርት ዓመታት ካገለገሉም በኋላ ከሥራ አይወጡም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና አቆይቶ መጠቀም የብዙ ባለንብረት ምርጫ፣ ወይም ምርጫ ማጣት፣ ሆኖ ቀጥሏል።

ሞተሩ የሚፈልጋቸው ነገሮች

ማንኛውም ቤንዚን ወይም ናፍጣ የሚያቃጥል ሞተር አየር፣ ነዳጅና እምቅታ (ኮምፕሬሽን) ይፈልጋል። የቤንዚን ሞተር በተጨማሪ በትክክለኛው ቅጽበት የሚመጣ የእሳት ብልጭታ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ጉልበት ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ፍንጭ አለ። ያለቀ የፒስቶን ቀለበት ወይም የተበላ ቫልቭ ዛሬ ታሞ ነገ አይድንም። የእምቅታ ማነስ ጠዋትም ማታም፣ ሜዳም ዳገትም ላይ ይታያል። ስለዚህ ጉልበቱ ሄዶ የሚመለስ ከሆነ ጥርጣሬው በቅድሚያ መሄድ ያለበት ወደ ነዳጅ፣ ወደ አየርና ወደ ኤሌክትሪክ እንጂ ወደ ሞተሩ ሆድ ዕቃ አይደለም። ከዚህ ውጭ የሚሆን ነገር አለ፤ ሲሞቅ የሚጣበቅ ቫልቭ አንዱ ነው። ግን እምብዛም አያጋጥምም።

ከፍታና ጉልበት

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ መንገድ የሚመላለስ ተሽከርካሪ ሳይፈልግ የሞተር ፈተና ይወስዳል። ከደብረ ብርሃን ደጋ ተነስቶ፣ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሠሩት የጣርማ በር ዋሻ በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ያልፋል። ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሙቀት፣ ይወርዳል። አጣዬንና ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ ሲደርስ ወደ 1,850 ሜትር ይመለሳል፤ ቀጥሎ የሀረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ደሴ ይገባል።

አየር ከፍታ ሲጨምር ይሳሳል። በመደበኛ ከባቢ አየር ስሌት የአየር ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ጋር ሲነጻጸር በከሚሴ 87 በመቶ፣ በደሴ 78 በመቶ፣ በጣርማ በር ደግሞ 73 በመቶ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚሁ ልክ ስለሚቀንስ ጉልበቱም በተቀራራቢ መጠን ይቀንሳል፤ በልማድ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ተብሎ ይገመታል። በባሕር ወለል 100 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ሞተር ደሴ ላይ ከ80 በታች ነው ማለት ነው። ካርቡራተር ወይም የናፍጣ ፖምፓ ይህን አውቆ ነዳጁን ካልቀነሰ ደግሞ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ይወጣል።

ይህ ብልሽት አይደለም። ልዩነቱ በመደጋገሙ ይታወቃል። የከፍታ ጉልበት ማነስ በተመሳሳይ ቦታና በተመሳሳይ ጭነት ሁልጊዜ እኩል ይከሰታል፤ መኪናው ቆሞ ስላረፈም አይጠፋም። ዛሬ ሀረጎን በሦስተኛ ማርሽ የወጣ መኪና ነገ በዚያው ጭነት በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስት ከሆነ ግን ጥፋቱ የተራራው አይደለም።

ከፍታ የመለኪያ ንባብንም ያሳስታል። ብዙ የጥገና መጽሐፎች ጤነኛ የቤንዚን ሞተር በዝግታ ሲሠራ የቫኪውም ጌጅ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ማንበብ አለበት ይላሉ። ቁጥሩ የባሕር ወለል ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ገደማ ስለሚቀንስ ከሚሴ ላይ ከ12 እስከ 16 የሚያነብ ሞተር ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የኮምፕሬሽን ጌጅም እንዲሁ ነው፤ በከሚሴ ከመጽሐፉ ከ12 እስከ 15 በመቶ፣ በደሴ ከ20 በመቶ በላይ ዝቅ ብሎ ቢገኝ የሚጠበቅ ነው። ይህን ሳያስቡ ከመጽሐፉ ጋር ብቻ በማነጻጸር ደህና ሞተር እንዲወርድ የሚፈርዱ አሉ። ወሳኙ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ ከፍታው፣ አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ ሞተሩ ይጠረጠራል።

ከመፍቻ በፊት

ችግሩን ያየው ሹፌሩ እንጂ መካኒኩ አይደለም። ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ጉልበቱ የጠፋው ሞተሩ ከተነሳ ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው? ሰርባቶዮው ሙሉ ነበር ወይስ ከግማሽ በታች? ዳገት ላይ ብቻ ነው ወይስ ሜዳም ላይ? መጨረሻ ነዳጅ የተቀዳው ከየት ነው? ምን ዓይነት ጭስ ወጣ? ምን ሲደረግ ተመለሰ?

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ጉልበቱ የጠፋበት አኳኋን ነው። እንደ መብራት ድርግም ብሎ ጠፍቶ ድንገት የሚመለስ ከሆነ ኤሌክትሪክ ይጠረጠራል፦ የላላ ሽቦ፣ የቁልፍ ማብሪያ፣ ቦቢና ወይም በናፍጣ ፖምፓ ላይ ያለው የነዳጅ መዝጊያ ሶሌኖይድ። እንደ ኩራዝ እየከሰመ የሚሄድ ከሆነ ግን ነዳጅ እያነሰው ነው። እየተንተፋተፈ የሚንገጫገጭ ከሆነ አየር የገባበት ነዳጅ ወይም የሚቆራረጥ ብልጭታ ሊሆን ይችላል። መለያው ፍጹም ባይሆንም አንድም ብሎን ሳይፈታ የፍለጋውን ክልል በግማሽ ያጠባል።

በጋራዥ የሚሰሙት አብዛኞቹ የዕቃ ስሞች ከጣሊያንኛ የተወረሱ መሆናቸውን እዚህ ላይ መጥቀስ ይገባል። ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ሰርባቶዮ (የነዳጅ ማጠራቀሚያ)፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ ፍሪሲዮን፣ ፎሌ (ማርሽ ነጻ ሲሆን) ሁሉም የዚያ ውርስ ናቸው። የእንግሊዝኛ መመሪያ ከሚያነብ ተማሪ ጋር መካኒኩ የማይግባባው አንዳንዴ በቃሉ ብቻ ነው።

የናፍጣ ሞተር

በከሚሴና በአካባቢዋ የሚሠሩት የሕዝብ ማመላለሻና የጭነት መኪኖች በአብዛኛው ናፍጣ ናቸው። አሮጌው የናፍጣ ሞተር ለመሥራት የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ ጥርጣሬው በነዳጁ መስመር ላይ ያርፋል።

ለምሳሌ ከከሚሴ ወደ ደሴ የሚሄድ ናፍጣ ሃይኤስ ይወሰድ። እስከ ኮምቦልቻ ደህና ሄዶ ሀረጎን ሲያጋምስ ጉልበቱ እየከሰመ ሄደ። ሹፌሩ ጥግ ይዞ ቆመ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሲያስነሳው ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ጉዞ ቀጠለ፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ደገመው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ቆሞ መዳኑ ዋናው ፍንጭ ነው። ሜዳ ላይ ሞተሩ የሚጠጣው ነዳጅ ትንሽ ስለሆነ የጠበበ መስመርም ይበቃዋል። ዳገት ላይ ግን ብዙ ነዳጅ ይፈለጋል፣ መስመሩም አይችልም።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የሰርባቶዮው መተንፈሻ ነው። ነዳጁ ሲጎድል በቦታው አየር መግባት አለበት። መተንፈሻው በጭቃ ወይም በአቧራ ከተደፈነ፣ ወይም የጠፋው ክዳን መተንፈሻ በሌለው ሌላ ክዳን ከተተካ፣ በውስጡ ባዶ ግፊት ይፈጠርና ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል። ፈተናው ምንም ወጪ የለውም፤ ጉልበቱ በጠፋበት ቅጽበት ቆሞ ክዳኑን መክፈት ብቻ ነው። እስ የሚል የአየር ድምፅ ተሰምቶ መኪናው ወዲያው ከዳነ ጥፋቱ ተገኘ።

ሁለተኛው በሰርባቶዮው ውስጥ የሚንሳፈፍ ባዕድ ነገር ነው። ማደያ ላይ ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ናፍጣ የጨርቅ ቁራጭ፣ የላስቲክ ብጣሽ ወይም ዝገት ይዞ ሊገባ ይችላል። ቁራጩ በመሳቡ ኃይል መምጠጫው አፍ ላይ ይለጠፋል፤ ሞተሩ ሲቆም ይላቀቅና ይርቃል። ለዚህ ነው መኪናው ያረፈ የሚመስለው። ነዳጅ የሚቀዳበትን ማጥለያ ሳያዩ ፖምፓ ማስፈታት ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሦስተኛው ፊልትሮው ነው። ናፍጣ ውስጥ የገባ ውኃ ከፊልትሮው ሥር ይጠራቀማል፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ከሥሩ የማፍሰሻ ብሎን፣ ከላዩ የእጅ ፖምፓ አለ። ውኃውን በጠርሙስ ተቀብሎ አስቀምጦ ማየት ጥሩ ነው፤ ውኃው ከታች፣ ናፍጣው ከላይ ይለያል። የእጅ ፖምፓው ሲጫን ገብቶ በራሱ ሳይመለስ የሚቀር ከሆነ ከሰርባቶዮ በኩል መስመሩ ተዘግቷል።

አራተኛው አየር ነው። የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ ናፍጣ ሳያንጠባጥብ አየር ሊስብ ይችላል፤ በመሳቢያው በኩል ያለው ግፊት ከውጭው ስለሚያንስ ነው። ከፊልትሮው በፊት አጭር ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ገጥሞ አረፋ ይመጣ እንደሆነ ማየት ይቻላል። አሮጌ ቱቦ ደግሞ ከውጭ ደህና መስሎ የውስጥ ሽፋኑ ተላጦ እንደ በር ሊከፈትና ሊዘጋ ይችላል። ይህኛው ብዙ ሰው ያደከመ ጥፋት ነው፣ ምክንያቱም በዓይን አይታይም።

አራቱን ተራ በተራ ከመፈተሽ ይልቅ መስመሩን ለሁለት መክፈል ይቀላል። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን በራሱ ቱቦ በቀጥታ ከፊልትሮው መግቢያ ጋር ይያያዝና፣ ተሳፋሪ ሳይጫን ግን በተመሳሳይ ክብደት፣ ያው ዳገት እንደገና ይወጣል። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ ከፊልትሮው ወደ ኋላ፣ ሰርባቶዮና ቱቦ ላይ ነው። ካልጠፋ ወደ ፊት፣ ፊልትሮ፣ ፖምፓ ወይም ኢንጀክተር ላይ ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ስህተት የሚፈልጉ ሰዎች የሚጠቀሙበትም ዘዴ ይኸው ነው፤ መካኒኮች ግን ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ያውቁታል። ዘዴው ለናፍጣ ብቻ ነው። ቤንዚን በቀላሉ ስለሚተን በሞቀ ሞተር አጠገብ በክፍት ዕቃ ማያያዝ እሳት ያስነሳል።

ከነዳጁ ሌላ የአየር ፊልትሮ መታየት አለበት። ከአስፋልቱ ወጣ ባሉ የገጠር መንገዶች በበጋ የሚነሳው አቧራ የወረቀት ፊልትሮን ቶሎ ይደፍናል። ከውጭ ወደ ውስጥ በኮምፕሬሰር መንፋት አቧራውን ወደ ወረቀቱ ይነዳዋል፤ መነፋት ካለበት ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። የላመ የአየር ቱቦም ሞተሩ በኃይል ሲስብ ጎኑ ገብቶ ይዘጋል፣ ሲቆም ተመልሶ ይነፋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይርገጥ፣ ሌላው ፖምፓው ላይ ያለው ክንድ እስከ መጨረሻው መድረሱን ይይ። የታጠፈ የወለል ምንጣፍ ወይም የረዘመ ሽቦ ግማሽ ጉልበት ሊያስቀር ይችላል። በጣም ቀላል ስለሆነ ሁልጊዜ የሚረሳ ምርመራ ነው።

የቤንዚን ሞተር

ካርቡራተር ባላቸው እንደ ላዳና ኮሮላ «ዲኤክስ» ባሉ መኪኖች ላይ የቆላው ሙቀት የራሱ ብልሽት አለው። ነዳጁን የሚስበው ሜካኒካል ፖምፓ ሞተሩ ላይ ስለተገጠመ ይሞቃል። ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ሳለ ፈልቶ ወደ ተን ይለወጥና ፖምፓው ተን እንጂ ፈሳሽ አይገፋም። ከፍታ ሲጨምር ቤንዚን በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ቆይቶ ወደ ደብረ ሲና መውጣት ለዚህ ብልሽት ምቹ ነው። ሹፌሮች ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዘዴውም በእርግጥ ይሠራል። ዘላቂ መፍትሔው ቱቦውን ከማርሚታው ማራቅ፣ የጎደለ የሙቀት መከላከያ መመለስና የደከመ የፖምፓ ዲያፍራም መቀየር ነው።

ሲሞቅ የሚደክም ቦቢናም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፤ ይጠፋል፣ ግማሽ ሰዓት ሲበርድ ይነሳል። ሁለቱን ለመለየት ብልሽቱ በተከሰተበት ቅጽበት አንድ ካንዴላ ፈትቶ፣ ከሽቦው ጋር አያይዞ፣ የሞተሩን ብረት አስነክቶ ሲያዞሩት ብልጭታውን ማየት ነው። ደማቅ ሰማያዊ ብልጭታ ካለ ነዳጅ ይጠረጠራል፤ የሳሳ ቢጫ ከሆነ ወይም ከሌለ ቦቢና፣ ኮንደንሰር ወይም የብልጭታ ማከፋፈያው። በአካባቢው የፈሰሰ ቤንዚን አለመኖሩ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ከበረደ በኋላ የሚደረግ ፈተና ምንም አይነግርም፤ የበረደ ቦቢና ጤነኛ ነው።

የነዳጅ ጥራትም ይነሳል። ቤንዚን በነጭ ጋዝ ሲበረዝ ሞተሩ ሲጫነው ይንኳኳል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ምልክቱ ከአንድ የተወሰነ ቅጂ በኋላ ጀምሮ ሰርባቶዮው በሌላ ነዳጅ ሲተካ መጥፋቱ ነው።

ኮምፒውተር ያላቸው ሞተሮች

እንደ ቶዮታ ዲፎርዲ ያሉት ሞተሮች አሁን እነርሱም አርጅተዋል። በእነዚህ ላይ ኮምፒውተሩ የማያምነውን ምልክት ሲያገኝ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይገድባል፤ ቁልፉ ጠፍቶ ሲነሳ ይመለሳል። ጉልበት ማጥፋትና ማስነሳት ብቻ የሚፈውሰው መኪና የዚህ ዓይነት ነው። የመመርመሪያ ኮምፒውተር የሚሰካበት ኦቢዲ-2 የሚባለው ሶኬት በአሜሪካ ከ1996፣ በአውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001፣ ለናፍጣ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግዴታ ሆኗል።

የሚነበበው ኮድ ግን ፍርድ አይደለም። «የነዳጅ ግፊት ዝቅ ብሏል» የሚል ኮድ ሲመጣ ፖምፓ መቀየር የተለመደ ስህተት ነው። ያንኑ ኮድ የተደፈነ ፊልትሮም፣ አየር የሚስብ ቱቦም፣ በፖምፓው ላይ ያለው ትንሽ የመሳቢያ መቆጣጠሪያ ቫልቭም ያመጡታል። መሣሪያው ላይ የግፊቱን ቁጥር እያዩ ዳገት መውጣት ኮዱን ከማንበብ ይበልጣል።

ሞተር የሚመስሉ ጥፋቶች

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይፈጥን ከሆነ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮን ነው፤ ሲሞቅ ይብሳል፣ ሲበርድ ይሻለዋል። የማይለቅ ፍሬንም መኪናውን ይይዛል። ከጉዞ በኋላ የአራቱን ጎማ ማዕከል ሙቀት በእጅ ጀርባ ሳይነኩ አስጠግቶ ማነጻጸር በቂ ነው፤ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ካለ እዚያ ነው። ውስጡ ተሰባብሮ የሚንቀሳቀስ ማርሚታ ደግሞ ጭሱን አንዳንዴ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ይከፍታል።

ዳገት ላይ ሲደርስ

ብልሽቱ ጋራዥ ውስጥ ወጪ ነው፣ ተራራ ላይ ግን አደጋ ነው። የጫነ መኪና ሀረጎ ወይም ጣርማ በር ላይ ጉልበት ሲያጣ ከኋላው ያለው ከባድ መኪና ለመቅደም ወደ ግራ ይወጣል፤ መንገዱም ጠመዝማዛ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ደግሞ የፍሬኑ አጋዥ የቀረው ባዶ ግፊት ለአንድ ወይም ለሁለት ርግጫ ብቻ ይበቃል፣ መሪውም ይከብዳል። ስለዚህ ፍሬኑን ደጋግሞ ሳይረግጡ በአንድ ጊዜ አጥብቆ ይዞ ወደ ጥግ መውጣት፣ የእጅ ፍሬን መያዝና ማርሽ ማስገባት ያስፈልጋል። ሞተሩ ይነሳልኛል ብሎ በፎሌ ወደ ኋላ ወይም ቁልቁል መልቀቅ ለሞት የሚዳርግ ነው።

ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂው ከኋላ፣ ከመታጠፊያው በፊት ይቀመጣል፤ ከመታጠፊያው በኋላ ከተቀመጠ የሚያየው ሹፌር ዘግይቷል። ጎማ ላይ የሚደገፈው ድንጋይ መኪናው ሲነሳ ረዳቱ መልሶ ከአስፋልቱ ሊያነሳው ይገባል፤ ማታ ለሚያልፍ ባለ ሞተር ሳይክልና ባለ ባጃጅ መንገድ ላይ የቀረ ድንጋይ ከተበላሸው መኪና የባሰ አደጋ ነው።